«መልመጃ 4ን ያሠሩልኝ»

ወረቀቷ ላይ የነበረው ይህ ብቻ ነው። ከደብተር የተቀደደች ግማሽ ገጽ፣ በሰማያዊ እስክሪብቶ፦ «6ኛ ለ፣ ሂሳብ፣ መልመጃ 4ን ያሠሩልኝ። አመሰግናለሁ።» መምህርቷ ታመው ቀርተዋል። ምክትል ርዕሰ መምህሩ የመምህራን ማረፊያው በር ላይ ቆመው ዓይናቸውን ክፍሉ ውስጥ አዟዟሩና እኔ ላይ ሲደርሱ አቆሙ። «አንቺ እኮ ሦስት ሳምንት ሙሉ እዚያ ክፍል ተቀምጠሻል፤ በቃ ግቢላቸው» አሉኝ።

እውነታቸውን ነው፣ ተቀምጫለሁ። ለመምህርነት ሥልጠናዬ ከሚጠበቅብኝ የክፍል ምልከታ አብዛኛውን የጨረስኩት እዚያው 6ኛ ለ ውስጥ፣ የመጨረሻው ረድፍ ጥግ ላይ ነው። መምህርቷ ይገባሉ፣ ደብተር ይወጣል፣ ትምህርት ይጀመራል፣ አርባ ደቂቃው ሳይታወቅ ያልቃል። ይህንኑ አይቼ አይቼ በሆዴ «ማስተማር ይህ ከሆነማ ምን አላት!» ማለት ጀምሬ ነበር። ስለዚህ ወረቀቷን ይዤ ስሄድ ብዙም አልፈራሁም። መልመጃው 10 ጥያቄ ነው። 10 ጥያቄ ማሠራት ማንን ይገድላል?

ክፍሉ ግን እኔ ስገባ ሌላ ክፍል ሆነ። ፊታቸውን አውቀዋለሁ፣ የሚቀመጡበትን አውቀዋለሁ፣ ሆኖም የማላውቃቸው ሰዎች ሆኑብኝ። የስም መጥሪያውን ከፍቼ ከላይ ጀመርኩ። 48 ስም። አሥረኛው ላይ ስደርስ ሁለት ልጆች በአንድ ስም «አቤት!» አሉ፤ ክፍሉ ሳቀ። ከዚያ በኋላ ስም በተጠራ ቁጥር ማን እንደሚመልስ መገመት ጨዋታ ሆነ። ጠርቼ ስጨርስ ሰዓቴን አየሁ፦ 11 ደቂቃ ሄዷል። ጠመኔ ሳነሳ ሦስት እጅ ወጣ። አንዱ ሽንት ቤት፣ አንዱ ውኃ፣ አንዷ «እሷን ልሸኛት»። «መምህር ይፈቅዱልን ነበር» አሉ። ይፈቅዱ ነበር? ሦስት ሳምንት ተቀምጬ ይህን እንኳ አላውቅም።

ከሁሉም ያልረሳሁት ግን ጫጫታውን አይደለም። ሦስተኛው ረድፍ ላይ፣ ከግድግዳው ወገን የሚቀመጥ አንድ ልጅ አለ፤ እርሳሱን ሁልጊዜ ጆሮው ላይ ይሰካል። ከጥያቄዎቹ አንዱ 1/3 እና 1/4ን አወዳድሩ ይላል። «1/4 ይበልጣል» አለ። ለምን? «4 ከ3 ስለሚበልጥ።» ይህ በሥልጠናው የተማርኩት የተለመደ ስህተት ነው፤ ልጁ ክፍልፋዩን እንደ አንድ ቁጥር ሳይሆን ላይና ታች እንደተቀመጡ ሁለት ቁጥሮች ነው የሚያየው። እንኳን መጣልኝ ብዬ ደስ አለኝ። «አይደለም፤ ታህቱ በጨመረ ቁጥር ክፍልፋዩ ያንሳል» አልኩና ሰሌዳው ላይ በትልቁ ጻፍኩ፤ አሰመርኩበትም። ልጁ እርሳሱን ከጆሮው አውርዶ ገለበጠ።

(አሁን ሳስበው «ሩብ ይበልጣል ወይስ ግማሽ?» ብዬ ብጠይቀው ኖሮ የሚሳሳት አይመስለኝም። ሩብን ከቁጥር በፊት በቃል ያውቃታል። በዚያች ደቂቃ ግን ይህ ትዝ የሚለው አእምሮ አልነበረኝም።)

ሦስት ጥያቄ እንዳለፍን 2/3 እና 3/4 መጡ። ያው ልጅ እጁን አወጣ፤ በዚያ ሁሉ ረብሻ መሃል ከልቡ የሚሠራው እሱና ጥቂቶች ነበሩ። «2/3 ይበልጣል። የ3/4 ታህት ትልቅ ስለሆነ ያንሳል» አለኝ። «አይደለም» ልል አፌን ከፍቼ ወደ ሰሌዳው ዞርኩ። ሰሌዳው እሱ ያለውን ነው የሚለው፣ በእኔ የእጅ ጽሑፍ፣ ተሰምሮበት። ልጁ የተሳሳተው እኔን አምኖ ነው። ያ ሕግ የሚሠራው ላዕሎቹ እኩል ሲሆኑ ብቻ ነው፤ እኔ ደግሞ ያችን «ብቻ» አልጻፍኳትም። አንዱን ስህተት አወጣሁለትና በቦታው የባሰ ተከልኩለት። የመጀመሪያው ስህተት ቢያንስ የራሱ ነበር። ይሄኛው ሕግ ሆኖ ደብተር ውስጥ ገብቷል። ምን ልበል እያልኩ ስንተባተብ ደወሉ ተደወለ።

የዚያን ቀን ማታ የምልከታ ደብተሬን ገለጥኩ። ሦስት ሳምንት ምን ሳይ ከረምኩ? «የድምፅ አወጣጥ፦ ጥሩ። የሰሌዳ አጠቃቀም፦ በጣም ጥሩ። የተማሪዎች ተሳትፎ፦ በጣም ጥሩ። ክፍሉን መቆጣጠር፦ በጣም ጥሩ።» ገጽ በገጽ ይኸው ነው። ለሚቀጥለው ሰው ቀርቶ ለራሴም የሚሆን አንድ ዓረፍተ ነገር የለውም። «ክፍሉን መቆጣጠር በጣም ጥሩ» ያልኩት ምን አይቼ ነው? መምህርቷ ምን አድርገው? ቅጹ «በጣም ጥሩ፣ ጥሩ፣ መካከለኛ» እያለ ፍርድ ይጠይቅሻል እንጂ ምን አየሽ አይልም። እኔም ሳላይ ስፈርድ ከረምኩ።

ዳን ሎርቲ የሚባል አሜሪካዊ የሶሲዮሎጂ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1975 ባሳተመው ጥናት፣ አንድ ሰው ሁለተኛ ደረጃን እስኪጨርስ ድረስ 13,000 ያህል ሰዓት ከመምህራን ፊት ተቀምጦ እንደሚያሳልፍ ገምቷል። ከሌሎች ሙያዎች መምህርነትን የሚለየው ይህ ነው፤ ወደ ሕክምና የሚገባ ልጅ 13,000 ሰዓት ሐኪም ሲሠራ እያየ አላደገም። ችግሩ ግን፣ ይላል ሎርቲ፣ ተማሪው የሚያየው ከፊት ለፊት የሚታየውን ብቻ ነው። መምህሩ ትናንት ማታ ምን እንዳሰበ፣ ይህን ምሳሌ ትቶ ያንን ለምን እንደመረጠ፣ ሊናገር አስቦ የዋጠውን አያይም። እኔም ሰልጣኝ ተብዬ የተቀመጥኩት ያው ተማሪ እያለሁ በተቀመጥኩበት ወንበር ነው፤ ያየሁትም ያንኑ ነው።

መምህርቷ በማግስቱ መጡ። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ የልጁንም። ቁጣ ጠብቄ ነበር። እሳቸው ግን ሌላ ነገር ጠየቁኝ።

«ሦስት ሳምንት ስትቀመጪ ማንን ነበር የምታዪው?»

«እርስዎን።»

«እኔን ምን ትሠሪያለሽ? እኔ እኮ የማስተምረውን አውቀዋለሁ። ነይ፣ ወንበርሽን አንሺ።»

ወንበሬን አንስቼ ከፊት፣ ሰሌዳው ጎን፣ ፊቴን ወደ ልጆቹ አዙሬ ተቀመጥኩ። መጀመሪያ እንደ ቅጣት ነበር የቆጠርኩት። 48 ልጅ ፊት ለፊት ተቀምጦ ያየኛል፤ እኔም አያቸዋለሁ፤ የት እንደምገባ ጠፋኝ። ሁለት ሦስት ቀን ሲያልፍ ግን ረሱኝ። እኔም ለመጀመሪያ ጊዜ ክፍል አየሁ።

በመጀመሪያ ያየሁት የስም መጥሪያውን ጉዳይ ነው። መምህርቷ ስም ሲጠሩ አይቼ ስለማላውቅ አይጠሩም ብዬ ነበር የማስበው። ይጠራሉ፤ በዓይናቸው። ልጆቹ ሳይገቡ ሰሌዳው ላይ አንድ ጥያቄ ተጽፎ ይጠብቃል፣ የትናንቱ ትምህርት ቅሪት፤ ከሁለት ደቂቃ በላይ የማይፈጅ። ልጁ ገብቶ ሲቀመጥ የሚያደርገው ነገር አለው። እነሱ አንገታቸውን ደፍተው ሲሠሩ መምህርቷ ባዶ ወንበሮቹን አይተው ምልክት ያደርጋሉ። አለቀ። የእኔ 11 ደቂቃ ለእሳቸው አንዲትም ደቂቃ አይወስድም። ያ ጥያቄ ሦስቱንም ሳምንት ሰሌዳው ላይ ነበር። አይቼዋለሁም። ለምን እዚያ እንዳለ ግን አልጠየቅኩም፤ «የሰሌዳ አጠቃቀም፦ በጣም ጥሩ» ነው ያልኩት።

ቀጥሎ የመጣው የልጁ ነገር ነው። መምህርቷ ከሰሌዳው ሥር ጠሩት፤ ደብተሩ ላይ የገለበጠውን የእኔን ሕግ አስነበቡት። እኔ እዚያው ጎን ነኝ፣ ጆሮዬ ጋለ። ከዚያ ስለ 2/3 እና 3/4 ያን ቀን ያለኝን እንዲደግም ጠየቁት። ደገመ። ልክ ነው አላሉም፣ ስህተት ነው አላሉም። ርዝመታቸው እኩል የሆነ ሁለት ቁራጭ ወረቀት ሰጡትና «አሳየኝ» አሉት።

አራት ቦታ ማጠፍ ቀላል ነው፤ ሁለት ጊዜ ማጠፍ ብቻ ነው። ሦስት ቦታ ማጠፍ ግን ልፋት አለው፤ ልጁ አጠፈ፣ ፈታ፣ እንደገና አጠፈ። መምህርቷ ዝም። ክፍሉ ዝም። እኔ ብቻ ነኝ የምቁነጠነጠው፤ ሄጄ ላጥፍለት እግሬ እየተነሳ። በመጨረሻ ከአንዱ ሁለት፣ ከሌላው ሦስት ክፍል በእርሳሱ አጠቆረና ጎን ለጎን ያዛቸው።

«ይሄኛው ይበልጣል» አለ፣ 3/4ን እያሳየ። እንደተናደደ ሰው ነው ያለው።

«ሙሉ ለመሆን ለእያንዳንዱ ስንት ስንት ጎደለው?»

«ለዚህ 1/3። ለዚያ 1/4።»

«ከሁለቱ ጉድለቶች የቱ ያንሳል?»

ልጁ ወረቀቱን አየ፣ ደብተሩን አየ። «1/4። ታህቱ ትልቅ ስለሆነ… ቲቸር ያለችው!» ብሎ ወደ እኔ ዞረ።

የኔ ሕግ ቦታውን አገኘ ማለት ነው። መምህርቷ አላጠፉትም፤ «ይህ ሕግ የሚሠራው መቼ ነው?» ብለው ለክፍሉ ጥለውት ልጆቹ ራሳቸው «ላዕሉ አንድ ዓይነት ሲሆን» እስኪሉ ድረስ ጠበቁ። ያችን እኔ የዘነጋኋትን «ብቻ» ልጁ በራሱ እጅ ጻፋት።

የጠበቁትን ጊዜ ያኔ አልለካሁም፤ በኋላ ግን መለካት ጀመርኩ፣ በእጅ ሰዓቴ። ሜሪ በድ ሮው የምትባል የሳይንስ ትምህርት ተመራማሪ በርካታ የአንደኛ ደረጃ ክፍሎችን በቴፕ ቀድታ ስታዳምጥ፣ መምህራን ጥያቄ ከጠየቁ በኋላ መልስ የሚጠብቁት በአማካይ አንድ ሰከንድ ያህል ብቻ ሆኖ አገኘችው። እ.ኤ.አ. በ1974 ባወጣችው ጽሑፍ እንደምትለው፣ ያችን አንድ ሰከንድ ወደ ሦስትና ከዚያ በላይ ያስረዘሙ መምህራን ክፍል ውስጥ የልጆቹ መልስ ይረዝማል፣ ያልጠየቋቸው ልጆች ይናገራሉ፣ «አላውቅም» ይቀንሳል። ሌላም ነገር አለ፤ ልጁ መልሶ ከጨረሰ በኋላም መጠበቅ። ልጁ «1/4 ይበልጣል» ብሎ ሲጨርስ መምህርቷ ቢሆኑ ዝም ይሉ ነበር፤ በዚያ ዝምታ ውስጥ ልጁ ይጨምራል ወይም ራሱን ያርማል። እኔ ግን እሱ ሳይጨርስ ነበር ልጽፍ ጠመኔ ያነሳሁት።

ሦስት ሰከንድ ትንሽ ይመስላል። 48 ልጅ ፊት ቆማችሁ እስክትሞክሩት ድረስ።

በዚያ ሰሞን ኔድ ፍላንደርስ የሚባል የትምህርት ተመራማሪ ያወጣውንም የክፍል ምልከታ ዘዴ ሞከርኩ። ክፍል ውስጥ የሚሆነውን በ10 ቁጥሮች መድቦታል፤ ሰባቱ የመምህር ንግግር ናቸው፣ ሁለቱ የተማሪ፣ አንዱ ዝምታ ወይም ጫጫታ። በየሦስት ሰከንዱ በዚያች ቅጽበት የሚሆነውን ቁጥር መጻፍ ነው። ለአሥር ደቂቃ ብቻ ያዝኩት፤ 200 ቁጥር ማለት ነው፤ እጄ ዛለ፣ ሂሳቡም አመለጠኝ። ለዘወትር አልመክረውም። ግን ፍላንደርስ ራሱ በብዙ ክፍሎች ካየው፣ ከክፍል ጊዜው ሁለት ሦስተኛው ንግግር ነው፣ ከንግግሩ ሁለት ሦስተኛው የመምህሩ ነው ከሚለው ጋር የመምህርቷን ሳነጻጽር የእሳቸው በጣም ያነሰ ሆኖ አገኘሁት። ጥሩ መምህር ብዙ የሚናገር የሚመስለኝ ሰው ነበርኩ።

ከሁሉም በላይ የከበደኝ ግን ጸጥታው ነው። ያ ክፍል ለእሳቸው ለምን ጸጥ ይላል? ለእኔስ ለምን አይልም? ሲቆጡ አላየሁም። የቀጡትም ልጅ የለም። እንግዲህ «ግርማ ሞገስ» አላቸው ብዬ ልተወው ነበር፤ ሰው የማያውቀውን ነገር የሚያሳርፍበት ቃል ነው። ከዚያ የጄኮብ ኩኒንን ሥራ አነበብኩ። ኩኒን የሥነ ልቦና ምሁር ነበር፤ ነገሩ የጀመረው ራሱ ሲያስተምር ጋዜጣ የሚያነብ ተማሪ ገሥጾ ነው። ገሠጸና ያልተነኩት ሌሎቹ ተማሪዎች ሁሉ ሲሸማቀቁ አየ። ይህ ምን ይሆን ብሎ ተከታተለው። በመጨረሻ፣ ክፍሎችን በቪዲዮ እየቀረጸ ሲያጠና ያገኘው ግን ያልጠበቀውን ነው፤ ልጆች ካጠፉ በኋላ መምህሩ የሚያደርገው ነገር፣ ቁጣውም ተግሣጹም፣ ጸጥ ያለውን ክፍል ከሚረበሸው አልለየለትም። የሚለያቸው ከዚያ በፊት የሚደረገው ነው። መምህሩ በክፍሉ ውስጥ የሚሆነውን ሁሉ እንደሚያይ ልጆቹ ሲያውቁ፣ አንዱን እየረዳ ሌላውን ሲከታተል፣ ከአንዱ ሥራ ወደ ሌላው ሲሻገር ክፍተት ሳይተው።

ይህን አንብቤ በማግስቱ እግራቸውን ተከተልኩ። ቃል በቃል ነው የምለው፤ አንድ ሙሉ ክፍለ ጊዜ የረገጡበትን ቦታ ብቻ ሳልኩ። አንድ ልጅ ጋ ጎንበስ ሲሉ ጀርባቸውን ለክፍሉ አይሰጡም፤ ዞረው ከልጁ ወዲያ በኩል ይቆማሉ፣ ፊታቸው ወደ ሌሎቹ። ከኋላ ሹክሹክታ ሲጀመር ማስተማራቸውን ሳያቋርጡ ወደዚያ ይሄዳሉ፤ ምንም አይሉም፣ የአንዱን ደብተር ይገልጣሉ፣ ይመለሳሉ። ሹክሹክታው ሹክሹክታ ሳለ ይሞታል። ጫጫታ እስኪሆን የሚጠብቁት እንደኔ ያሉት ናቸው። ከኋላ ወንበር ሆኜ ይህን ማየት አልችልም ነበር፤ ያልሆነ ነገር እንዴት ይታያል?

ይህ እንግዲህ የገባኝ በምትክ ገብቼ ስለተዋረድኩ ነው። ሳልወድቅ ወንበሬን ሳዞር ብውል ኖሮ ምን እንደምፈልግ አላውቅም ነበር። እኛ ዘንድ ሰልጣኙ መጀመሪያ ምልከታውን ይጨርስና ከዚያ ወደ ማስተማሩ ይገባል፤ ይህ ቅደም ተከተል ለእኔ የተገላቢጦሽ ነው። መጀመሪያ አንድ ሁለት ጊዜ ግቢና ይበላሽብሽ፤ ከዚያ ቁጭ ብለሽ ለማየት ዓይን ይኖርሻል።

ከዚያ ወዲህ በምትክ የገባሁባቸውን ሁሉ አልዘረዝርም። ባዮሎጂ ገብቻለሁ፣ ጂኦግራፊ ገብቻለሁ፣ አንዴ የማላውቀው የ8ኛ ክፍል ፊዚክስ ገብቼ «ይህን እኔም አላውቀውም፤ ከመጽሐፉ አብረን እናንብበው» ብያለሁ፤ ማንም አልሞተም። እንዲያውም ከጠበቅኩት በላይ ተግተው አነበቡ። የክፍል አለቃው የሚለውን ሌሎች ሁለት ልጆች ሳልጠይቅ አልቀበልም። ቦርሳዬ ውስጥ ቀድመው ለሚጨርሱ ልጆች የሚሆን አንድ እንቆቅልሽ ሁልጊዜ አለ፤ የምትክ መምህር ጠላት የማይሠራው ልጅ ሳይሆን በስምንት ደቂቃ ጨርሶ እጁን አጣጥፎ የሚያይሽ ነው።

አንድ ነገር ግን አፍሬበታለሁና ልናገር። አንድ ክፍል በጣም ሲያስቸግሩኝ «ስማችሁን ጽፌ ለመምህራችሁ እሰጣለሁ» አልኩና ዘጠኝ ስም ጻፍኩ። ጸጥ አሉ፣ ለአምስት ደቂቃ። ዝርዝሩን ለመምህርቷ ሳሳያቸው (የእሳቸው ክፍል አልነበረም፤ ምክር ልጠይቃቸው ነው) ወረቀቱን አገላብጠው አዩትና «እሱ ይህን ይዞ ምን ያድርግ?» አሉኝ። አሰብኩ። ምን ያድርግ? ባላየው ነገር ልጆቹን ይቅጣ? ከዚህ የባሰው ነገር ደግሞ፣ ዘጠኙን ስም ያገኘሁት ከራሳቸው ከልጆቹ ነው። ግማሾቹ ሌላ ሰው እየጠቆሙ እንደነበር ማን ያውቃል? ወረቀቱን ቀደድኩት። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባል የለ፤ ያ ዛቻ እንዲያ ነበር።

አሁን ትቼው የምወጣው ማስታወሻ ሌላ ዓይነት ነው። የት ድረስ እንደሄድን፣ የትኛው ጥያቄ ላይ ብዙዎቹ እንደተደናቀፉ፣ ማን ያልጠበቅኩትን እንደመለሰ። የተመለሰው መምህር በማግስቱ ክፍል ሊገባ ሲል የሚጠቅመው ይህ ነው እንጂ የጫጫታ ወሬ አይደለም።

አንድ ቀን ደግሞ ቦታ ተቀያየርን። 6ኛ ለን እኔ አስተማርኩ፣ መምህርቷ በዚያ በዞረው ወንበር ተቀመጡ። ስጨርስ «ጥሩ ነበር» ይሉኛል ብዬ ጠበቅኩ። አንዲት ወረቀት ሰጡኝ። የክፍሉን አቀማመጥ ስለው፣ ጥያቄ በጠየቅኩ ቁጥር መልስ የሰጠው ልጅ ወንበር ላይ ነጥብ አድርገዋል። 31 ጥያቄ። 18ቱን የመለሱት አምስት ልጆች ናቸው፤ ስምንቱን ራሴ ነኝ የመለስኩት፣ ስሜም ከላይ ጥግ ላይ ተጽፎ ስምንት ነጥብ ተደርድሮበታል። የቀሩት አምስት ናቸው እዚህም እዚያም የተበተኑት። መስኮቱ በኩል ያሉት ሁለት ረድፎች አንድም ነጥብ የላቸውም። አንድ ቃል አስተያየት አልጻፉበትም። እኔ ግን ከዚያ ወዲህ መስኮቱን ሳላይ ጥያቄ ጠይቄ አላውቅም። ወረቀቷ አሁንም ደብተሬ ውስጥ ናት።

ባለፈው ሳምንት መምህርቷ ስብሰባ ነበራቸው። ጠዋት ጠረጴዛዬ ላይ ማስታወሻ አገኘሁ፣ በዚያው ሰማያዊ እስክሪብቶ፤ የአሁኗ ግን ሙሉ ገጽ ነበረች፣ ከጀርባዋም ጽሑፍ አላት። መልመጃ 9። እስከ ስንት እንደሚደርሱ። መስኮቱ በኩል ማንን ብጠይቅ እንደሚናገር። ከታች ደግሞ፦ «ጎደሎውን በማየት የሚያወዳድረውን ልጅ 5/6 እና 7/9 ጠይቂልኝ። አትቸኩዪበት።»

ልጁ ወደ ሰሌዳው መጣ፤ እርሳሱ ጆሮው ላይ ነው። «ለመሙላት ይሄ 1/6 ይጎድለዋል፤ ያ ደግሞ 2/9» አለና ቆመ። የተለመደው መንገዱ እዚህ ጋ አያወጣውም፤ ላዕሎቹ እኩል አይደሉም፣ ሕጉ ደግሞ «ብቻ» ይላል። እኔ በሆዴ የጋራ ታህቱን 18 አድርጌ፣ 3/18 እና 4/18 ብዬ ጨርሼ ቁጭ ብያለሁ። መልሱ ምላሴ ጫፍ ላይ ነው። እጄን ወደ ኋላ አጣምሬ መስኮቱን አየሁ። አንድ ልጅ አሳለ። ሌላው ወንበሩን ጎተተ።

«1/6 ማለት 2/12 ነው አይደል?» አለ፣ ለራሱ።

«ነው» አለች ከመስኮቱ በኩል አንዲት ልጅ፣ ማንም ሳይጠይቃት።

«እንግዲያው 2/9 ከ2/12 ይበልጣል። ላዕላቸው አንድ ነው። የ7/9 ጎደሎ ትልቅ ነው ማለት ነው።» ጠመኔውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። «5/6 ይበልጣል።»

በማስታወሻዬ ላይ ለመምህርቷ እንዲህ ጻፍኩላቸው፦ «በ18 አልሠራውም፤ በ12 ነው የሠራው። እንዴት እንደሆነ እሱ ያሳይዎት። መስኮቱ በኩል ያለችውም ተናግራለች።»